ልዕልቲቱን ያልሸጣት ጋዜጠኛ

«የፍቅር ኮሜዲ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይበሉ! እኔ ግን እዚሁ ዓባይ ማዶ ቁጭ ብዬ፣ መብራት የፈቀደ ዕለት፣ 70 ዓመት ያለፈውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ደጋግሜ አያለሁ። «ሮማን ሆሊዴይ» ይባላል፤ በእኛ አፍ «የሮም ሽርሽር» ብንለው ያስኬዳል። ዊሊያም ዋይለር እዚያው ሮም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሕዝብ ያቀረበው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አን የምትባል ልዕልት ፕሮቶኮሉ ያንገሸግሻትና በሌሊት በጭነት መኪና ተደብቃ ትጠፋለች። ጆ ብራድሊ የሚባል ኪሱ የሳሳ ጋዜጠኛ መንገድ ዳር እንቅልፍ ጥሏት ያገኛታል። ማንነቷን ሲደርስበት ዜናዋን በ5,000 ዶላር ሊሸጥ ከአለቃው ጋር ይዋዋላል። ከዚያማ ጄላቲ መላስ ነው፣ በቬስፓ ከተማውን ማመስ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት የጠፋች ተማሪ ነኝ ትላለች፤ እሱ ማዳበሪያ እሸጣለሁ ይላል። (እኛ አገር ቢሆን ወዲያው ይለመን ነበር!)

ሁለቱ ውሸታሞች «የእውነት አፍ» ከሚባለው የድንጋይ ፊት ዘንድ ይደርሳሉ። ዋሽቶ እጁን የከተተ ይነከሳል ይባላል። ጆ እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ «ተቆረጥኩ» ሲል ኦድሪ ሄፕበርን የጮኸችው የምሯን ነው፤ ግሪጎሪ ፔክ ቀልዱን አስቀድሞ አልነገራትም። ቤተሰቡ በሙሉ እዚህ ላይ ይንከተከታል።

እኔን የያዘኝ ግን ከሳቁ በኋላ ያለው ነው። ልዕልቲቱ ወደ ግዴታዋ ትመለሳለች። ጆ ዜናው በእጁ፣ ፎቶው በጓደኛው ኪስ እያለ አይሸጣትም። ፎቶዎቹ ለእሷው ይሰጣሉ። ሰርግ የለ፣ እልልታ የለ፤ ሰውዬው ብቻውን ከአዳራሹ ይወጣል።

እስቲ ወደ እኛ እንምጣ። ዛሬ ጣና ዳር ከጓደኛዋ ጋር የተቀመጠች ልጅ ሳታውቅ ተቀርጻ፣ ማታውኑ በቲክቶክ የቡና ቁርስ ትሆናለች። ስለ በጀቱ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ታሰሩት ሲጠየቅ ግን «ሚስጥር ነው»! ገመናው አደባባይ ወጣ፣ የአደባባዩ ጉዳይ ጓዳ ገባ። «አንስ ልዕልት አይደለችም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። የመንግሥት ካዝና ዘርፋ ቢሆን ጆ ይጻፋት ነበር፤ እሷ የበላችው ጄላቲ ነው!

የደራሲውንም ጉድ ስሙ። ዳልተን ትራምቦ በአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ስለ ፖለቲካ አቋሙ አልናገርም ብሎ ታስሯል፤ በጥቁር መዝገብም ሰፍሯል። ስለዚህ ታሪኩ በጓደኛው በኢያን ማክሌላን ሀንተር ስም ወጣ፤ የታሪኩን ኦስካርም ጓደኛው ተሸለመ። ሽልማቱ በትራምቦ ስም የተሰጠው በ1993 ነው፤ ሰውዬው ካለፈ ከ17 ዓመት በኋላ! ሊታወቅ የሚገባው ስም 40 ዓመት ተቀበረ ማለት ነው።

ሄፕበርን ራሷ በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና አገራችን መጥታ ነበር። መቀሌ የሕፃናት ማሳደጊያ ድረስ ሄዳ የዓለምን ዓይን ወደ ተራቡት ሕፃናት መለሰች። ካሜራ መዞር ያለበት ወደዚያ ነው። ጣና ዳር የተቀመጠችውን ልጅማ ተዉአት፣ ጄላቲዋን ትብላበት።

ቸር ይግጠመን።