የሰማ ላልሰማ ያሰማ

(ከአንድ የቴክኖሎጂ ተማሪ)

ጉባኤ የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ፈገግ እንላለን። ፈገግታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ጉባኤ ማለት አበል የሚከፈልበት፥ ሻይና ብስኩት የሚቀርብበት፥ ረጅም ንግግር ተነቦ ረጅም ጭብጨባ የሚጨበጨብበት፥ በመጨረሻም ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚበተን ሸንጎ ነው ብለን ስለምናምን ነው። ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሹ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ጓደኛዬ፥ «ኅብረታችን ገንዘብ ካገኘ ኳስ ይግዛበት እንጂ፥ ተማሪን ለቴክኖሎጂ ስብሰባ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ምን ይረባል?» ሲል ጠየቀ። በአጠገቡ የነበሩትም በሳቅ ደገፉት። እኔ ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም፤ መልሱ በወረፋ ላይ የሚያልቅ አልነበረምና። ይህን የምጽፈው ለእርሱና እንደ እርሱ ለሚያስቡ ሁሉ ነው።

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔም እንደ እርሱ አስብ ነበር። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ያሰብሁት ስለ ዕውቀት አልነበረም። አንድ ጓደኛዬ «ያለ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል» ስላለኝ ተመዘገብሁ፤ ለአውቶቡሱም ገንዘብ ተበደርሁ። ያረፍሁበት አጎቴ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፥ «አበሉ ስንት ነው?» አለኝ። አበል የለውም ብለው፥ «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?» ብሎ ተገረመ። እውነቱን ለመናገር እኔም የምመልስለት አልነበረኝም።

ስብሰባው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ የሚባለው ነው። ሐሳቡ በ1998 ዓ.ም. ቱኒስ ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የመሪዎች ስብሰባ ተወጥኖ፥ በ1999 ዓ.ም. በአቴና ከተማ መጀመሪያውን አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከአገር አገር ይዘዋወራል። ዐሥራ ሰባተኛው ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ ግቢ ተካሄደ። መንግሥታት፥ ታላላቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች፥ መሐንዲሶች፥ መምህራንና ማኅበራት በአንድነት ይቀመጡበታል። ግዳጅ ያለው ውሳኔ ግን አይወሰንበትም። ጓደኛዬ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሳቁ እጥፍ በሆነ ነበር!

የሄድሁበትን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሌሊት ከወልድያ ተነሥተን ሲሪንቃንና መርሳን አለፍን፤ ውርጌሳን አልፈን ረፋዱ ላይ ውጫሌ ደረስን። እዚያ ሹፌሩ ጎማ ለማየት ቆመና ከአውቶቡሱ ወረድሁ። በዚያች አገር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል በታሪክ ትምህርት ያልተማረ የለም። ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ መንግሥት «መጠቀም ይቻላቸዋል» የሚል ትርጉም ሲኖረው፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የዚያ አንድ ግሥ መዘዝ ዐድዋ ድረስ ወሰደን። ቆሜ ሳስብ ነገሩ የጥንት ተረት መሰለኝ እንጂ እኔ ከምሄድበት ጋር የሚያገናኘው አልመሰለኝም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አጎቴን ትክክለኛ አደረጉት። ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ተዘዋወርሁ። ተናጋሪዎቹ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል። በታላላቆቹ ስብሰባዎች ንግግሩ በስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎች በጆሮ ማዳመጫ ይተረጎማል፤ አማርኛ ግን ከስድስቱ አንዱ አይደለም። በገዛ አገሬ፥ በገዛ ዋና ከተማዬ ተቀምጬ በባዕድ ቋንቋ የሚነገረውን ግማሹን ብቻ እየሰማሁ ዋልሁ። ያን ጊዜ ውጫሌ ትዝ አለችኝ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚጻፍ ውል አለ፤ ስልካችን ላይ «እስማማለሁ» እያልን ሳናነብ የምንጫነው ሁሉ ውል አይደለምን? የሚጻፈው እኛ በሌለንበት፥ በማንሰማው ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ ያተረፍሁት ሦስት እስክሪብቶና አንድ የጨርቅ ቦርሳ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ሆነ። መንገድ ጠፍቶኝ ሠላሳ ሰው የማይሞላበት ትንሽ ክፍል ገባሁ። የሚነጋገሩት ስለ ግንኙነት መቋረጥ ነበር። በዚያ ዓመት ከዓለም ሕዝብ 2.7 ቢሊዮን ያህሉ ኢንተርኔት እንደማይጠቀም አንዱ ተናገረ። ሌላው መስመር ሲቋረጥ የአንድ አገር ንግድ ስንት እንደሚያጣ በሥዕል አሳየ። ሁሉም ቁጥር ነበር። ሰብሳቢዋ «ከአዳራሹ የሚናገር አለ?» ስትል እጄ ራሱ ተነሣ፤ እኔ ያነሣሁት አይመስለኝም።

«ከወልድያ ነው የመጣሁት» አልሁ። የት እንዳለች የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያየሁትን ነገርኋቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን እየጠበቅሁ አጎቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ ጦርነቱ አገራችን ደረሰ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ቆየች። እናቴና ታናናሾቼ መርሳ ነበሩ። መብራትም ስልክም የለም። እኔ በየማለዳው የእናቴን ቁጥር እደውላለሁ፤ በየማለዳው «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኙዋቸው አይችሉም» ትለኛለች ያች ሴት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፅዋን ጠላኋት፤ ቢሆንም መደወሌን አልተውሁም። በሦስተኛው ወር በእግሩ ወጥቶ ደሴን አልፎ የመጣ አንድ ሰው ከደብተር የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት አጎቴ ቤት አደረሰ። የእናቴ ቃል፥ በእኅቴ እጅ የተጻፈ፥ «ደኅና ነን፤ ትምህርትህን እንዳትተው» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። ይህን ተናግሬ ተቀመጥሁ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ክፍሉ ዝም አለ። አጨብጭበው ቢሆን ኖሮ ያፈርሁ ይመስለኛል፤ ግን አላጨበጨቡም። ሰብሳቢዋ ብቻ የተናገርሁት በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ጸሓፊውን አዘዘች። እነሆ፥ ወልድያ የሚለው ስም በአንድ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ይህ ትንሽ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ ትንሽ ነው። ነገር ግን ያልተጻፈ ስም እንደሌለ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ በሻይ ዕረፍት ከአንድ የአፍሪካ አገር የመጣች መሐንዲስ ወደ እኔ ቀረበችና፥ «ከወልድያ እናትህ ያለችበት ድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለችኝ። ሠላሳ ያህል ነው አልኋት። «በሰላሙ ጊዜ በስልክህ የምትልክላት ጽሑፍ በየት በኩል የሚሄድ ይመስልሃል?» አለች። በሲሪንቃ በኩል ነዋ! ብዬ ሳቅሁ። እርስዋ ግን አልሳቀችም። በናፕኪን ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የምልከው መልእክት ከወልድያ አዲስ አበባ፥ ከዚያ በምድር ገመድ ጎረቤት አገር ወዳለው የባሕር ጠረፍ፥ ከዚያም በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ተጉዞ በሌላ አህጉር ያለ ኮምፒዩተር ዘንድ ይደርሳል። መርሳ የሚገባው ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ተመልሶ ነው። ከጎረቤት እሳት ለመጫር ባሕር ማዶ ደርሶ መመለስ ማለት ነው! አንዱ ገመድ ከተበጠሰ ወይም ከተዘጋ ሠላሳው ኪሎ ሜትር ሠላሳ ሺህ ይሆናል። መድኃኒቱም ምትሐት አይደለም፤ የአገር ውስጥ መልእክት አገር ውስጥ የሚለዋወጥበት ጣቢያ ማቆም፥ ብዙ የሚፈለገውን ነገር ቅጂ በአገር ውስጥ ማስቀመጥ፥ አንዱ መስመር ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ከአንድ በላይ መንገድ መዘርጋት ነው። ይህን የሚያውቅና የሚሠራ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኔ ኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመደብሁት በነጥብ ነው እንጂ በፍቅር አልነበረም። የኔትወርክን ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ አድርጌ እይዘው ነበር። ከዚያች ወረቀት በኋላ ግን የማነበው ሁሉ እኔና እናቴ መካከል ያለ መንገድ ሆነ። ከጉባኤው ያገኘሁት ትርፍ ይኸው ነው። ስጦታው ቦርሳ፥ ምስክር ወረቀት ወይም ከትልቅ ሰው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ አይደለም፤ የራስህን ችግር የሌላ አገር ሰው በሌላ ስም ሲጠራው ሰምተህ፥ ችግሩ የእግዚአብሔር ቍጣ ሳይሆን የሰው ሥራ እንደ ሆነ፥ ሰውም ሊያስተካክለው እንደሚችል ማወቅ ነው።

ጓደኛዬ፥ «ይህማ መጽሐፍ ቢያነቡ ይገኛል» ይለኝ ይሆናል። የገመዱ ነገር በመጽሐፍ ይገኛል፤ ጥያቄው ግን አይገኝም። ያች መሐንዲስ ስለ እናቴ ባትጠይቀኝ ኖሮ መጽሐፉን አልከፍትም ነበር። ደግሞስ ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጽፈው እንዴት ሆኖ ነው? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. ሊገባ የቻለው፥ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ወዳጆቻቸው እንደዚህ ባሉ አሰልቺ ስብሰባዎች ተገኝተው ስለ ፊደላችን ስለ ተከራከሩ ነው። እነርሱም «ምን ይረባል?» ብለው ቢቀሩ ኖሮ ለእናቶቻችን በላቲን ፊደል እየጻፍን በቀረን ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ያየሁትን ለማንም አልተናገርሁም። አንዳንድ ጓደኛ ሲጠይቀኝ «ጥሩ ነበር» ብዬ እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ዓመት ሳይሞላ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፥ ሁላችንም ስንደናበር አየሁ። የምርምር ጽሑፉን መላክ ያልቻለ፥ የሥራ ማመልከቻ ያለፈበት፥ በስልክ ገንዘብ መላክ ያቃተው ብዙ ነበር። እኔ መስመሩን መቀጠል አልችልም ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፎቻችንንና ማስታወሻዎቻችንን በግቢያችን ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀድመን እናከማች ብዬ መናገር እችል ነበር። የሰማሁትን ቀብሬ ያዝሁት። በቀድሞው ዘመን አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ነጋሪት እየጐሰመ፥ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ያዝዝ ነበር። መስማት ዕዳ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔ ባለ ዕዳ ሆኜ ቆየሁ፤ ይህ ጽሑፍ የዘገየ ክፍያዬ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ተማሪ ወደ እንዲህ ያለ ጉባኤ ይላክ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ኢቴክስ የተባለው የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ በአዲስ አበባ ሲከፈት ከእኛ ስንቱ ወሬውን እንኳ ሰማ? የሚላኩትም በትውውቅ ሳይሆን በውድድር ይመረጡ፤ የኮምፒዩተር ተማሪ ብቻም አይሁኑ። ስለ ማሽላና ስለ ማንጎ ገበያ የሚያውቀው የመርሳ ግቢ የግብርና ተማሪ በእንዲያ ያለ ቦታ የሚናገረው ከእኔ ይበልጣል። እኅቶቻችንም አይረሱ።

ሁለተኛ፥ ሄዶ የተመለሰ ሁሉ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያየውን በአማርኛ ጽፎ በዚህ መጽሔት ያውጣ፤ አንድ ምሽትም በአዳራሽ ቆሞ ይጠየቅ። ይህን ያላደረገ የአውቶቡሱን ዋጋ ይመልስ። እንዲህ ከሆነ ለሽርሽር የሚሄድ አይኖርም።

ሦስተኛ፥ መሄድ የማንችልበትንም ከዚሁ እንከታተል። የኢንተርኔት አስተዳደሩ ጉባኤ ከአዲስ አበባ በኋላ በ2016 ዓ.ም. በኪዮቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በታኅሣሥ በሪያድ፥ በሰኔም በኖርዌይ ተደርጓል። እኛን ወደዚያ የሚወስደን የለም፤ ሆኖም በሩቅ ሆኖ መከታተልና መጠየቅ ያለ ክፍያ የተፈቀደ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፥ አንድ ፕሮጀክተርና መስመሩ ባለበት ቀን የሚተጉ ሃያ ተማሪዎች ናቸው።

ኳሱም ይገዛ፤ እኔ ኳስ አልጠላም። ነገር ግን ጓደኛዬን አንድ ነገር ልጠይቀው፤ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ የእናትህን ድምፅ ያጣኸው አንተም አይደለህምን? እንግዲያስ ስለዚያ መስመር በሚነገርበት ቦታ ከመካከላችን አንድ ሰው ቢቀመጥ፥ ተመልሶም ለሁላችን ቢነግረን፥ ኪሳራው ምኑ ላይ ነው? መልሱን በሚቀጥለው የመጽሔታችን እትም እጠብቃለሁ።