የዳገቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

ከፕራስሊን የተነሳችው የመንገደኞች ጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዛ ላ ፓስ ወደብ ላይ ስትቆም የላ ዲግ ደሴት ገበያ ይሟሟቃል። ከጀልባዋ የወረደ ጎብኚ ሻንጣውን እንኳ በቅጡ ሳያሳርፍ ብስክሌት ይጠይቃል። አይፈረድበትም። ይህች የሲሸልስ ደሴት ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ መኪና የሚገባባትም በፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሄ የደረሰ የአዲስ አበባ መንገደኛም ቢሆን ወደ ላ ዲግ የሚዘልቀው በጀልባ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ታክሲውም አውቶቡሱም ብስክሌት ነው።

ብስክሌት ማከራየት በደሴቲቱ የቆየ ንግድ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በባትሪ የሚታገዘው ብስክሌት ከተራው ጎን ቆሞ ለኪራይ መቅረቡ ስሌቱን ለውጦታል። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ተራውን በርከስ፣ ባለባትሪውን በወደድ አከራይቶ ልዩነቱን ወደ ኪስ መክተት። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ የሚያስብ አከራይ ዋናውን ገንዘቡን እየበላ መሆኑን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የደሴቲቱን አቀማመጥ ማየት ይበቃል። በምዕራብ በኩል ከላ ፓስ እስከ ዩኒየን እስቴት ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ጎብኚው ሁሉ አስቀድሞ የሚያመራውም ወደዚያው ነው፤ በግዙፍ የግራናይት ድንጋዮቹ ዓለም ያወቀው አንስ ሱርስ ዳርዣን የተባለው የባሕር ዳርቻ የሚገኘው የቀድሞውን የኮኮናትና የቫኒላ እርሻ አልፎ ነውና። ለዚህ ጉዞ ተራ ብስክሌት ይበቃል።

ወደ ግራንድ አንስ የሚወስደው መንገድ ግን የደሴቲቱን ጀርባ ያቋርጣል፤ መሐል ላይ ዳገት አለበት። የላ ዲግ ከፍተኛ ጫፍ 333 ሜትር ነው። ወደዚያው አቅጣጫ ቤል ቩ ወደሚባለው መመልከቻ የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ጉልበተኛውን ሁሉ ከብስክሌቱ አውርዶ የሚያስገፋ ነው። ዳገቱን ሸሽቶ በባሕሩ ዳር ዞሬ ልመለስ ያለም አይሳካለትም፤ የሰሜኑ መንገድ ደሴቲቱን ሳይዞር በምሥራቅ በኩል ያበቃል።

በመሆኑም ተራ ብስክሌት የያዘ ጎብኚ ቀኑን ሜዳው ላይ ይውላል፤ ገንዘቡም አብሮት ሜዳው ላይ ይውላል። ባለባትሪው ይህን ሰበረ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውም ሳይቀር ሸሚዙ በላብ ሳይነከር ዳገቱን ወጥቶ ማዶ ይወርዳል፤ ምሳውን እዚያው ይበላል፤ ቤል ቩ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይጠጣል። ከወደቡ ርቆ ለሚነግድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የባለባትሪው ኪራይ የሚወደደውም በዚሁ የተነሳ ነው፤ ተከራዩ ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዳገቱ ነው። ዳገቱን የሚከፍለው ደግሞ የአከራዩ ባትሪ ነው።

ሂሳቡን እንመልከት። ነጂውና ብስክሌቱ በድምሩ 100 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህን ክብደት 200 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 54 ዋት ሰዓት ኃይል ይጠይቃል፤ ሞተሩ የሚያባክነው ሲታከልበት 75 ገደማ ይሆናል። የተለመደው ባትሪ የሚይዘው 500 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ አንድ ዳገት አያስደነግጥም። ፔዳሉን ረስቶ ሁሉን ለሞተሩ የተወና በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዳገት የወጣ ተከራይ ግን፣ የሜዳው መንገድ ተጨምሮ፣ ማታ የሚመልሰው ከግማሽ በላይ የተሟጠጠ ባትሪ ነው። ሜዳ ለሜዳ ሲንሸራሸር የዋለው የከፈለው ገንዘብ እኩል ሲሆን ከባትሪው የነካው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አከራዮች የሚሳሳቱት ስለ መብራት ክፍያ ሲጨነቁ ነው። እርግጥ ነው፣ የላ ዲግ መብራት ከፕራስሊን በባሕር ሥር ገመድ የሚመጣና በአብዛኛው ከውጭ በገባ ነዳጅ የሚመነጭ በመሆኑ ርካሽ አይደለም። ቢሆንም ባዶ ባትሪን ለመሙላት የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ 30 የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን እንኳ ወጪው 15 ሳንቲም ነው። በአንጻሩ 400 ዶላር የተገዛ ባትሪ 800 ጊዜ ተሞልቶ አቅሙ ቢደክም፣ እያንዳንዱ ሙሌት 50 ሳንቲም የእርጅና ተቀናሽ አለበት። ሙቀቱ ዕድሜውን በግማሽ ካሳጠረው ተቀናሹ አንድ ዶላር ይገባል። መብራቱን እየቆጠሩ ባትሪውን መርሳት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው። በዚህ ላይ ጨዋማው የባሕር አየር ሰንሰለቱንና የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹን ይበላል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ሸራ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ስህተት ተቀናሹን በአገር ውስጥ ገንዘብ አስቀምጦ መተኛት ነው። ባትሪው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና። ሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ2008 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሩፒን በገበያ እንዲወሰን ስትለቅ፣ በ8 ሩፒ ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ወደ 16 ገደማ ወጣ። በዚያ ሰሞን 3,200 ሩፒ ለባትሪ አጠራቅሞ የነበረ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በእጁ የቀረው የግማሽ ባትሪ ዋጋ ነበር። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ያየ የአዲስ አበባ አስመጪ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ተከራይ አንድ ቁርጥ ዋጋ ይወዳል፣ ዝርዝር ያሸሸዋል የሚል መከራከሪያ ይነሳ ይሆናል። እውነትነት አለው። ነገር ግን የሜዳና የዳገት ብሎ ሁለት ዋጋ መለጠፍ ዝርዝር አይባልም። ማታ ባትሪው ሲመለስ የቀረውን መጠን አይቶ መዝግቦ መያዝም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁሉንም ብስክሌት ከአንድ ዓይነት ገዝቶ ባትሪና መለዋወጫ እንዲወራረስ ማድረግ፣ ከእያንዳንዱ ቀን ገቢም የባትሪውን ድርሻ ቀድሞ ማንሳት ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር ጥሩ ገቢ በተገኘበት ቀን ያን ድርሻ አለመንካት ነው።

ይህ የላ ዲግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በባትሪ የሚሄድ ነገር ሁሉ የነጋዴው ዕቃ ሆኗል። መብራቱ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ ከሲሸልስ የተሻለ ዕድል ነው፤ ዳገት ደግሞ ሞልቷል። ሆኖም የመብራቱ ርካሽነት የባትሪውን እርጅና አያስቀርም። በየቀኑ የሚገባውን ኪራይ ቆጥሮ የሚያልቀውን ባትሪ ያልቆጠረ ነጋዴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው መሆኑ አይቀርም።