አርባ አቅጄ፣ ጮክ ብዬ ያነበብኳቸው

አምና መስከረም ላይ በዓመት 40 መጻሕፍት አነባለሁ ብዬ ዝርዝሩን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ። ጳጉሜን ስትገባ የተሰረዙት 17 ነበሩ። የሚያሳፍረኝ ግን የቀሩት 23 አይደሉም። እስከ ገና ድረስ በጥድፊያ ከጨረስኳቸው ዘጠኙ ውስጥ ዛሬ ስለ አንዱ እንኳ ንገረን ብትሉኝ የማስታውሰው የገጹን ብዛት ነው።

ጥር ላይ አማቴ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከደብረ ሲና መጡ። አንዱ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ እኛ ዘንድ ከረሙ። አንድ ማታ መጽሐፍ ይዤ ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጥኩ፣ «ምን አድብተህ ነው? ጮክ በልና እኔም ልስማ እንጂ» አሉኝ። አልተሳሳቱም። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ማለት ድምፅ ነው። ልጁ ግእዝ ንባቡንም፣ ውርድ ንባቡንም፣ ቁም ንባቡንም የሚወጣው እየጮኸ፣ የኔታ ከሩቅ ሆነው እያረሙት ነው።

በእጄ የነበረው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማን በመቅረጸ ድምፅ እያናገሩ የቀዱትን ወደ ጽሑፍ መልሰው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። ቀድሞ በዓይኔ ሳነበው ወሬው ወዲያና ወዲህ የሚረግጥ መስሎኝ ነበር። በድምፅ ሲሆን ሽማግሌው ራሳቸው ሳሎናችን ገብተው የተቀመጡ ያህል ሆነ። ስለ አፄ ምኒልክ ዘመን ጀምረው ወደ ቅኔ ቤት ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ወደ ጀመሩበት ይመለሳሉ፤ አማቴም እንዲሁ ስለሚያወሩ አንድም ቦታ አልጠፋቸውም።

የጠፋሁት እኔ ነኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ይመታል» ሲጠብቅ ተመቺ፣ ሲላላ መቺ ነው። ዓይን ሁለቱንም ሳይመርጥ ያልፋቸዋል፤ አንደበት ግን መምረጥ አለበት። ስሳሳት አማቴ ከተጋደሙበት ሆነው «ማነው የተመታው?» ይሉኛል፤ ተመልሼ አነባለሁ። በአንድ ምሽት ከዐሥር ገጽ በላይ አንሄድም ነበር። የማቀዝቀዣው ዝርዝር ያን ጊዜ ነው የሞተው።

ቀጥለን ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሄድን። እዚህ ላይ ተዋረድኩ። አማቴ የሐዲስ ዓለማየሁን ድርሰት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት የሰሙ ሰው ናቸው፤ «እሱ እንደዚህ አይደለም ያለው» የምትለዋን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። እኔ ጉዱ ካሣን ላስወድዳቸው ስደክም እሳቸው የተጣሉት ከበዛብህ እናት ከውድነሽ በጣሙ ጋር ነው። «ሰው በገዛ ልጁ ይሳላል? ጊደር መሰላት?» ስንት ሐያሲ የፊውዳሉን ሥርዓት የከሰሰበትን መጽሐፍ አማቴ በአንዲት እናት ስለት ላይ ፈረዱት። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ብቻዬን አነበብኩት። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም እንደሚቀበል የሚያሰላበት ምዕራፍ እርሳስ ይፈልጋል። ሁሉም መጽሐፍ የጆሮ ነው አልልም። የአዳም ረታንም «የስንብት ቀለማት» ሞክረን ነበር፤ ወደ ሺህ ገጽ የሚጠጋ ነው። በሦስተኛው ምሽት አማቴ «ይኼ ሰውዬ እንቅልፍ የለውም እንዴ?» ብለው ተኙ፤ እኔም በማግሥቱ አልቀጠልኩም። ዘንድሮ እመለስበታለሁ።

የዓመቱ መጽሐፌ ግን የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። በ1962 ዓ.ም. ታተመ፤ ከባድ ነው ሲባል ኖረ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋብኝ ነበር፤ አብዛኛው ንግግር ነውና። ደራሲው የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ታሪኩም የዚያው አካባቢ ነው። ይህን ሳልነግራቸው ሁለት ገጽ እንዳነበብኩ አማቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። «የኛ አገር ሰው ነው የጻፈው።» እኔ መዝገበ ቃላት ያገላበጥኩባቸውን ቃላት እሳቸው እየሳቁ ይፈቱልኛል። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲናገሩ «እንዲያ አይደለም፣ እሷ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች» ብለው ራሳቸው ይሉታል። ያስቸገረኝ መጽሐፉ ሳይሆን ዝምታዬ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። የአደፍርስና የሽማግሌዎቹ ክርክር በዓይን ሲነበብ ደረቅ ንድፈ ሐሳብ ይመስላል፤ ሲሰማ ግን አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ የሚጯጯህበት የሠፈር ሙግት ነው።

ሳንጨርሰው ሁለተኛው ዓይናቸውም በራና ለፋሲካ ወደ አገራቸው ተመለሱ። መጽሐፉን ይውሰዱት ብላቸው «ለብቻዬ ምን አደርገዋለሁ?» ብለው ተዉት። ባለፈው እሑድ ደውለው የሁላችንንም ደኅንነት ጠየቁና፣ «አሰጋሽ እንዴት ሆነች?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ያለ እርስዎ አልገለጥኩትም» አልኳቸው።

ግንቦት ላይ ጨርሼዋለሁ።