ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት

ሱቅ ያለዎት ወይም ታክሲ የሚነዱ ከሆነ፣ ኢሜይልዎን ሲከፍቱ የሚቀበልዎትን ውርጅብኝ እርስዎው ያውቁታል። ብድር ተፈቅዶልዎታል፣ ዲቪ ደርሶዎታል፣ ፈቃድዎ ሊሰረዝ ነው፤ ማለቂያ የለውም። ነገሩ የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ሁለት የአሪዞና ጠበቆች በሺዎች በሚቆጠሩ የኢንተርኔት የመወያያ ቡድኖች ውስጥ የበተኑት ማስታወቂያ፣ ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ የንግድ ስፓሞች አንዱ ሲሆን፣ የሚያወራውም ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር። ገና ከጥንስሱ ስደተኛውን አልረሱትም!

ታዲያ ብዙ ሰው «የትኛውን የማጣሪያ ፕሮግራም ልግዛ?» ይላል። እኔ የምለው ምንም አይግዙ ነው። ጂሜይልም ሆነ አውትሉክ ማጣሪያው አብሮት አለ። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጫን የሚፈልግም ታንደርበርድን በነጻ ያገኛል። የጎደለው ማስተማሩ ነው። ማጣሪያ ደንበኛዎን ገና እንደማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ነው፤ መጥፎውን «ስፓም» ሲሉት፣ ያለ ጥፋቱ የተጣለውን ደግሞ «ኖት ስፓም» ብለው ሲመልሱት ይማራል። ሰዉ የፊተኛውን ያደርግና የኋለኛውን ይተዋል።

ጉዳቱ ግን ከኋለኛው ነው። መጥፎ ደብዳቤ ሾልኮ ቢገባ ይታያል። የታክሲዎ ኢንሹራንስ ማሳደሻ ወይም የኢሚግሬሽን ጠበቃዎ መልእክት ስፓም ሣጥን ውስጥ ቢቀበር ግን የሚያውቁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ጂሜይል ደግሞ እዚያ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሣጥኑን በየቀኑ፣ ከዚያ ወዲያ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይፈትሹ። ለጠበቃዎ፣ ለኢንሹራንሱና ታክስ ለሚሠራልዎ ሰው አድራሻ «ወደ ስፓም ፈጽሞ አትላክ» የሚል ደንብ ያውጡ፤ ይህን ከስልክ ይልቅ ኮምፒዩተር ላይ ይሥሩት።

በቃል ብቻ የሚጥል ደንብ ግን ይጠንቀቁ። «ቪዛ» ያለበትን ሁሉ ጣል ብለው ካዘዙት፣ ከአጭበርባሪው ጋር የጠበቃዎን ደብዳቤም፣ የክሬዲት ካርድ ደረሰኝዎንም ይጥለዋል።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ዲቪ ደረሰዎት» ብሎ በኢሜይል አያበስርም፤ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ነው የሚያየው። እንዲህ ያለ «የምሥራች» ሲመጣልዎ በውስጡ ያለውን ሊንክ አይንኩ። ዝም ብለው ከመሰረዝም «ስፓም» ይበሉት፤ ከተሰረዘ ደብዳቤ ማጣሪያው የሚማረው ነገር የለም።