«ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?»

ግጥም የሌለው፣ ጎርናና ድምፅ እያስረዘመ የሚሄድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዶርም ውስጥ ሲከፈት ፍርዱ አንድ ነው፤ «የፈረንጅ ጫጫታ! ዝጋው!» እኔ ግን አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሃሊም ኤል-ዳብ የተባለ ግብፃዊ ካይሮ ከሚገኝ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያም ስቱዲዮ ገብቶ፣ የገደል ማሚቶ እየጨመረ ድምፁን ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ በተመሳሳይ ሥራ ከመታወቁ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ዛርን ደግሞ ለእኛ ማን ሊነግረን! ሰውየውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። በቅርቡም የአዲስ አበባው ሚካኤል ሰይፉ የአገር ቤትን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር ያዋሃደበትን «ዘላለም»ን እ.ኤ.አ. በ2016 በኒውዮርክ አሳታሚ በኩል አውጥቷል። ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ሁሉም ይውደደው አልልም። ነገር ግን ይህ ሙዚቃ የሚነሳው ዙሪያን ከማዳመጥ ነው። እኛ ጋዜጠኝነት እየተማርን፣ በየሞባይላችን መቅጃ ይዘን፣ ለሬዲዮ ልምምድ ማጀቢያ ከኢንተርኔት እናወርዳለን። የሶዶ ገበያ ግርግር፣ የዳሞታ ንፋስ፣ የጊፋታ ጭፈራ የእግር ምት አጠገባችን አለ። የጊፋታን ዘፈን ኪቦርድ ብቻ እያጀበው ከቀጠለ፣ አሮጌውን አዘፋፈን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሲያልፉ የሚተርፈን የኪቦርዱ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጊፋታ እንውጣ። አስፈቅደን እንቅዳ፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደዘፈነ እንመዝግብ። ሙዚቃ ነው አይደለም የሚለውን ከዚያ በኋላ እንከራከርበታለን።