ስንቅና ጓዝ

ስንቅ ሌላ፥ ጓዝ ሌላ ነው። ስንቅ መንገደኛውን ያደርሰዋል፤ ጓዝ ግን መንገደኛውን የጭነት ከብት ያደርገዋል። ዛሬ ለሁለት ቀን ሠርግ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ወጣት አምስት ሱሪና ሦስት ጫማ ካልያዘ የተራቆተ ይመስለዋል። በአውሮፕላን የሚሄደውማ፥ በብዙ የውጭ አገር በረራ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ መፈቀዱን ሲሰማ፥ መሙላቱ ግዴታ ይመስል ሚዛን ላይ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። የተፈቀደ ሁሉ ግን የታዘዘ አይደለም።

ይህ ልማድ ከሁለት ነገር የተወለደ ነው፤ አንዱ የመታየት ፍላጎት፥ ሁለተኛውም ፍርሃት ነው። «ቢዘንብስ፥ ቢበርደኝስ» እያለ ላልመጣ ቀን የሚጭን ሰው፥ በሚሄድበት አገር ጋቢ የሚያለብሰኝ አይገኝም ብሎ በወንድሙ ላይ አስቀድሞ ፈርዷል።

ጌታችን 12ቱን ሐዋርያት በላካቸው ጊዜ፥ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ከበትር በቀር እንጀራም ከረጢትም ገንዘብም እንዳይዙ፥ ሁለት እጀ ጠባብም እንዳይለብሱ አዘዛቸው። በሚቀበላቸውም ቤት እንዲቀመጡ ነገራቸው። ጥቂት የያዘ ሰው የሌላውን ደጅ ማንኳኳት ግድ ይሆንበታልና። አባቶቻችንም በሶአቸውን ቋጥረው ይሄዱና በመሸባቸው ስፍራ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብለው ያድሩ ነበር።

አንዳንዱ ግን፥ ጌታ ኋላ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ከረጢት ያለው እንዲይዝ ነግሯል ብሎ ይከራከራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቃል ለመከራ ሌሊት የተነገረ እንጂ ለሦስት ጫማ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ደግሞስ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው? በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣህን የሚያወጣው ልጅ በአንተው ዕድሜ ያለ ነው፤ ምናልባትም ቅያሪ ልብስ የለው ይሆናል። ለእናቱ ወይም ለዘመዱ ስጦታ የያዘውን አልነቅፍም፤ ያ ሸክም ደርሶ ይከፋፈላልና። የምነቅፈው ሄዶ ሳይለበስ የሚመለሰውን ነው።

ስለዚህ፥ ወጣት ሆይ፥ ከመንገድ በተመለስህ ጊዜ ሻንጣህን ፍታና ሳትለብሰው ያመጣኸውን ለይ። እርሱን ሁለተኛ አትጫነው፤ ለሚለብሰው ስጠው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።