ዲስኩ አልነበብ ሲል

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከላፕቶፑ አይለይም። በዋናው ግቢም ሆነ ጉደር በሚገኘው የማሞ መዘምር ካምፓስ ብዙ ተማሪ የሚሠራው ባገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ማሽኑ ጠንካራ ነው፤ ባትሪው ግን ቀድሞ ስለሚሞት ቻርጀር ላይ ካልተሰካ አይሠራም። መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ድርግም ይላል፤ ሲጻፍ የነበረውም ፋይል ግማሹ ይቀራል። አንድ ቀን ታዲያ መብራት ተመልሶ ላፕቶፑ ሲከፈት ዊንዶውስ አይገባም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ብቻ ይመጣል።

ጥገና ቤት ሲደርስ ፍርዱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ ይቀየር።»

ሊሆን ይችላል። ሳይፈተሽ ሲባል ግን ያስቆጫል፤ ያልተነበበ ዲስክ ሁሉ የሞተ አይደለምና።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ባዮሱ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ ገጽ ነው፤ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ተጭኖ ይገባል። የዲስኩ ስምና መጠን እዚያ ከታየ ጣጣው ያለው ዊንዶውሱ ወይም ሴቲንጉ ላይ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ3 ቮልት ባትሪ አለችው። እሷ ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሴቲንጉም ፋብሪካ ወደሰጠው ይዞራል፤ በሌላ ሴቲንግ የተጫነው ዊንዶውስም አልነሳ ይላል። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም።

ባዮሱ ላይ ጭራሽ ካልታየ ቻርጀሩና ባትሪው ተነቅለው፣ የኋላው ክዳን ብሎን ተፈትቶ ዲስኩ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ሁለት መሰኪያ ጎን ለጎን አለ፤ ባለ7 እግሩ ዳታ ያመላልሳል፣ ባለ15 እግሩ ኃይል ይሰጣል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ከማዘርቦርዱ የሚገናኙት እንደ ወረቀት በሳሳች ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ባለ13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ በዚህች ገመድ መበላሸት በጠጋኞች ዘንድ ይታወቃል። ስለዚህ መሰኪያው ጸድቶ፣ ዲስኩ ተመልሶ ጥብቅ ተደርጎ ይሰካ። ካልሆነም በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር። እዚያ ከተነበበ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የማዘርቦርዱ ነው።

ከዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ላፕቶፑ ወዲያው ይጠፋ። ዲስኩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ነው፤ ሁለቱ ከተነካኩ እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ዳታ ይፍቃል።

«ፎርማት እናድርገው» የሚለው ቃል መምጣት ያለበት ፋይሉ ከተገለበጠ በኋላ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ሥራውን ኢንተርኔት ላይ አያስቀምጥም፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ያየ ሰው እንዴት ይመን? የሁለት ዓመት ጥናት፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሱቅ ሂሳብ ያለው እዚያችው ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው።

ዲስኩ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ዲስክ) ሲተካም አሮጌው ጥገና ቤት መቅረት የለበትም። ከጊንጪ፣ ከጌዶ ወይም ከባኮ የመጣ ደንበኛ «አሮጌውን ስጡኝ» ቢል መብቱ ነው፤ ጠጋኙም ሳይጠየቅ ቢመልስ ደግ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በየካምፓሱ አንድ የዩኤስቢ ማገናኛና የሚያሳይ ባለሙያ ቢመድብ፣ ተማሪው ማስረከቢያው ሳያልፍበት ዲስኩን እዚያው ያስፈትሻል።